ቀይ ነው አለችኝ

እታበባ የሚለው መጠሪያ የወጣላት አበባ በማብቀሏ አይደለም። ታናሽ እህቷ አፏን ስትፈታ፣ ታላቅን በስም መጥራት ደግ አይደለም ተብላ የተማረችው ቃል ነው፤ ሰፈሩም ከሕፃኗ አፍ ተቀብሎ በዚያው ጸና። አበባ ማብቀል የጀመረችው ሠላሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። ያን ጊዜ “ስምሽ ሥራሽን ጠራው” ያሏት አልጠፉም፤ እሷ ግን እንዲህ ያለ ወሬ አይጥማትም። ስም ሥራን የሚጠራ ቢሆን ኖሮ፣ ትላለች፣ ጌታው እየተባለ የሚጠራው ጎረቤቴ አናጢ ዕድሜውን ሙሉ በሰው ጣሪያ ላይ ሲንጠለጠል አይኖርም ነበር። አናጢውም ይህን ሲሰማ ይስቃል እንጂ አይቀየማትም።

የምታበቅለው አንድ ዓይነት አበባ ብቻ ነው። የአበባው ራስ ብይ ያህላል፣ ክብ ነው፣ ገና መሬት ላይ ቆሞ ሳለም ሲዳስሱት እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። ድቡልቡሌ ትለዋለች፤ ሻጩም ገዢውም ከእሷ ሰምቶ እንደዚያው ይለዋል። ሌላው አበባ በተቆረጠ በሳምንቱ አንገቱን ሲደፋ ይህኛው ደርቆም ያው ነው። ሰው ለሠርጉም ለመቃብሩም ይገዛዋል፤ ገዝቶም ሁለት ሦስት ዓመት ይረሳዋል፤ አበባው ግን ቀለሙን ይዞ ይጠብቀዋል።

ሥራው ግን እንደ አበባው የዋህ አይደለም። ዘሩ ጥጥ መሳይ ነገር ለብሶ ስለሚመጣ ውሃ ውስጥ ካላደረ እሺ ብሎ አይበቅልም። ችግኙ ስንዝር ሲሞላ ጫፉ ይቀነጠሳል፤ ይህን ስታደርግ ያየ አዲስ ሰው ሁሉ “ምነው ገና በልጅነቱ” ይላታል። ካልቀነጠሱት ግን በአንድ ዘንግ ሽቅብ ሄዶ ሦስት አራት አበባ ይሰጥና ያርፋል፤ ቅርንጫፍ የሚያበጀው ጫፉን ሲያጣ ነው። ከዚያ ራሱ ሞልቶ ሲጠነክር፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ይቆረጣል። የዘገየ ሰው ከሥሩ የረገፈ አበባ ያገኛል። ሃያ አምስት ሃያ አምስት ዘንግ ይታሰርና ቁልቁል ይሰቀላል።

ማሰሪያውም የራሱ ነገር አለው። ዘንጉ ሲደርቅ ይቀጥናል፤ በክር የታሰረ እንደሆነ እስሩ ይላላና አበባው ወለል ላይ ይዘረገፋል። እታበባ ይህን የተማረችው በመጀመሪያው ዓመት፣ ግማሹን ምርቷን በመጥረጊያ ሰብስባ ነው። ከዚያ ወዲህ የምታስረው ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ውስጥ በሚወጣው ላስቲክ ነው። በመቀስ እንደ ጠፍር ቀጭን አድርጋ ትቆርጠዋለች፤ ሁለት ጊዜ ወደ ቀኝ ታዞረውና ጫፉን ከሥር ትወሽቀዋለች። ዘንጉ በቀጠነ ቁጥር ላስቲኩ አብሮ ይጠብቃል። ይህን አስተሳሰር ከእሷ በቀር የምታውቅ እህቷ ብቻ ነበረች። እህቷ ደግሞ ግራኝ ስለሆነች የምታዞረው ወደ ግራ ነው። ብዙ ጊዜ ልታርማት ሞክራ ሲያቅታት፣ “ይሁን፣ ካሰረ አሰረ ነው” ብላ ተወቻት።

የሚሰቀልበት ቦታ የቤቱ የኋላ ክፍል ነው። አንድ መስኮት ነበረው፤ ብርሃን ቀለም ይበላልና አናጢው በሳንቃ መታላት። በሩ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ተንጠልጥሏል። ቀን ወደዚያ የገባ ሰው ብርድ ልብሱን ከኋላው ካልመለሰ እታበባ ትቆጣለች፤ ስትቆጣ ደግሞ እስከ ማግስቱ ነው።

እናታቸው ልብስ ሰፊ ነበረች። ዓይኗን ሞራ ሲጋርዳት መጀመሪያ የከዳት ቀለም ነው። በሰማያዊ ቀሚስ ላይ ጥቁር ክር አስገብታ ትሰፋና ደንበኛ ይመልስባታል። እልህ ይዟት፣ ማንም ሳይነግራት በፊት ራሷ አውቃ ዝም ብላ ከረመች፤ ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ከሞራው ሥር ሌላ ችግር ተገኝቶ ጊዜው አልፏል አሏት። ያን ጊዜ ታናሿ ገና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። ቤቱ በእታበባ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ ታናሿን ያሳደገቻት እሷ ናት ቢባል ውሸት የለበትም።

ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት አንድ ሕግ ነበር። እናትየው የአንድን ነገር ቀለም ማወቅ ስትፈልግ አንዷን ልጇን ጠርታ ትጠይቃለች፤ ቀጥላ ሌላዋን ለብቻዋ ጠርታ ያንኑ ትጠይቃለች። “ሁለታችሁ ሁለቱ ዓይኖቼ ናችሁ፤ ዓይን ደግሞ ባለቤቱን አይዋሽም” ትል ነበር። ሌላ ነገር ቢዋሽ ይመከራል፣ ይታለፋል፤ በቀለም መዋሸት ግን የማይታሰብ ነው። አንድ ጊዜ ታናሿ የትምህርት ቤት ደንብ ልብሷን ትታ ቀይ ሹራብ አድርጋ ልትወጣ ስትል እናትየው “ምን ለበስሽ?” አለቻት። ሰማያዊውን፣ አለች ልጅ። እናትየው እታበባን ጠራች። እታበባ እህቷን ዓይን ዓይኗን እያየች “ቀይ ነው” አለች። ታናሿ ሦስት ቀን አኮረፈች።

ድቡልቡሌ በመጀመሪያ ሁሉም ወይን ጠጅ ነበር። ከዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት በፊት ግን ከመደቡ መካከል አንድ ተክል ቀይ ሆኖ አበበ። እናትየው ሁለቱንም በየተራ ጠርታ ጠየቀች፤ ሁለቱም ቀይ ነው አሉ። “እንግዲህ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው” ብላ ሳቀች። እታበባ ከዚያች ተክል ዘር ያዘች። በዓመቱ ከመቶው ዘጠና ወይን ጠጅ ሆነባት። ቀዮቹን ብቻ አስቀርታ፣ ንብ እንዳያዳቅልባት ከወይን ጠጁ አርቃ በግቢው ጥግ ተከለች። ማለዳ እየተነሳች፣ ቀለሙ ያጠራጠራትን እምቡጥ ሳይፈነዳ ከነሥሩ ትነቅላለች። ዓመት በዓመት እንዲህ ስታደርግ ኖረች። በመጨረሻ መደቡ ሙሉ እንደ በሰለ በርበሬ ቀይ ሆነ። እንዲህ ያለ ቀይ ሌላ ሰው እጅ የለም፤ የከተማው አበባ ነጋዴ ወይን ጠጇንም ጭምር የሚወስድላት ቀዩ እንዳይቀርበት ብሎ ነው። ዘሩን ሦስት ጊዜ ጠይቋት ሦስቱንም ጊዜ ነገሩን በሳቅ አልፋዋለች። ዘሩ ከምድጃው በላይ ካለው መደርደሪያ፣ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት፣ እናትየው ልትሞት ሁለት ወር ሲቀራት፣ እታበባ ከዚያ ቀይ አበባ ጉንጉን ሠርታ እጇ ላይ አኖረችላት። እናትየው አንድ በአንድ እየዳሰሰች “ቀይ ነው?” አለች። “ቀይ ነው እማዬ።” ታናሿንም አስጠራቻት። እሷም ቀይ ነው አለች። እናትየው እሺ ብላ ደረቷ ላይ አስተኛችው። ጉንጉኑ ከዚያ ወዲህ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ቁምሳጥን ላይ፣ ካርቶን ውስጥ ቆየ።

ታናሿ ከሁለት ዓመት በፊት አበባ ነጋዴው ዘንድ ተቀጠረች። እታበባ ደስ አላት፤ የሚወሰደውን እስር እህቷ ይዛላት ስለምትሄድ ወደ መደብሩ መመላለሱም ቀረላት። እሁድ እሁድ ታናሿ ትመጣለች፣ አብረው ይበላሉ፣ ሥራ ካለም ታግዛለች። ባለፈው ዓመት ማብቂያ ላይ እታበባ እጇን ወለም ብሏት ስለነበር፣ የቀዩን ዘር ያሸችው፣ ያበጠረችውና ቆርቆሮው ውስጥ የከተተችው ታናሿ ናት። እታበባ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን በፎጣ ጠቅልላ ታወራት ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ሻይ ልትጥድ ተነስታለች።

በዘንድሮው ዘር ምንም የተለየ ነገር አላየችበትም። አይታይምም፤ የቀዩና የወይን ጠጁ ዘር አንድ ነው፣ በዓይን የሚለይ ሰው አልተፈጠረም። ነከረችው፣ ዘራችው፣ ቀነጠሰችው። የመጀመሪያው እምቡጥ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ፈነዳ። እታበባ ጎንበስ ብላ አየችው። ወይን ጠጅ ነው። ልትነቅለው እጇን ሰዳ፣ አጠገቡ ያለውን አየች። እሱም ያው። እስከ መደቡ ጫፍ ሄደች፤ በየመስመሩ ጭል ጭል የሚለው ሁሉ ወይን ጠጅ ነው። አንድ ሁለቱ ቢሆን ንብ ነው ትል ነበር። እስከ እሁድ ለማንም ሳትናገር ነገሩን በሆዷ ይዛ ቆየች።

እሁድ ታናሿ መጣች። እታበባ አንድም ነገር ሳትነግራት ወደ ጥጉ ወሰደቻት። “እስቲ ይህን እይልኝ” አለቻት።

ታናሿ ተቀመጠችና አንዱን ራስ በሁለት ጣቷ ያዘች። ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። “ምን ሆነ? ጥሩ አይደል እንዴ ቀዩ?” አለች።

“ወይን ጠጅ አልመሰለሽም?”

“ኸረ ቀይ ነው እታበባ።”

“እርግጠኛ ነሽ?”

“ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ቀይ ነው።” ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “እማዬንም እንዲህ ነበር የጀመራት” አለች።

ሌላ ሰው ቢሆን ሌላ ሰው ይጠይቅ ነበር፤ አበባውን ይዞ መንገድ ላይ ቢወጣ የመጀመሪያው አላፊ ይነግረው ነበር። በዚያ ቤት ያደገ ሰው ግን እህቱ ቀለም ስትነግረው አይጠራጠርም። እሷ ራሷ እናቷን አንድም ቀን በቀለም አልዋሸችም፤ የታናሿንም የሹራብ ውሸት እንደ ልጅነት ቆጥራ ረስታዋለች፤ ይህን በሌላ ሰው ላይ ለማሰብ አእምሮዋ ውስጥ ቦታው አልነበረም። የራሷን ዓይን ጥላ የእህቷን ቃል አነሳች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት የፍርሃት ነበሩ። ስኳሩንና ጨውን በተለያየ ጣሳ ከተተች፣ የስኳሩ ላይ በጣት እንዲለይ ክር አሰረች። ከጓሮ እስከ ኋላ ክፍል ስንት እርምጃ እንደሆነ ቆጠረች። ማንም በሌለበት ዓይኗን ጨፍና መሄድ ተለማመደች፤ አንድ ቀን ከባልዲ ጋር ተጋጭታ ክርኗን ላጠች። አበባውን እንደ ቀይ ቆረጠችው፣ እንደ ቀይ አሰረችው፣ በኋላ ክፍል በቀይ ወገን ሰቀለችው። ባትሪ አብርታ ከወይን ጠጁ ወገን ጋር ስታስተያየው ሁለቱ አንድ ሆኑባት። ይህም ለእሷ የበሽታዋ ማስረጃ ሆነ። አናጢው በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ “ዘንድሮ ቀዩን ተውሽው እንዴ? ግቢው ሁሉ ወይን ጠጅ ሆነሳ” ባላት ጊዜ፣ “አንተ ጌታው፣ ወንድ ልጅ ከጥቁርና ከነጭ ሌላ ቀለም መቼ ያውቅና” ብላ ዘጋችው። ወደ ቤት ገብታ ግን አለቀሰች። ሕመሜን አውቆ የሚያሾፍብኝ ሰው መጣ ብላ ነው ያለቀሰችው፤ እውነቱን የነገራት አንድ ሰው እሱ ብቻ መሆኑን በምን ታውቃለች።

ሐኪም ዘንድ ልሂድ ስትል ታናሿ አትቸኩይ አለቻት። ለእናታችን ያሏትን ነው የሚሉሽ፤ ምርቱ ይሰብሰብና አብረን እንሄዳለን አለቻት። እታበባም እሺ አለች። ምርቱ ተሰበሰበ። ታናሿ ቀጠሮውን ዛሬ ነገ እያለች ስታገፋው እታበባ አንድ ረቡዕ ጠዋት ብቻዋን ሄደች።

የዓይን ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ማስቲካ ታኝካለች፣ እጇ ግን ቀስ ያለ ነው። በብርሃን አየቻት፣ ጠብታ አድርጋ ደግሞ አየቻት። ቀጥላ በየገጹ የነጠብጣብ ክብ ያለበት መጽሐፍ አወጣች። በቀለማቱ መካከል የተሸሸገውን ቁጥር ንገሪኝ አለቻት። እታበባ ገጽ በገጽ አነበበች። ሁሉንም አነበበች። ሐኪሟ መጽሐፉን ዘግታ፣ የቅርብ ነገር ለማየት መነጽር ያስፈልግሻል፣ ዕድሜ ነው፣ አለቻት። “ሞራ የለብሽም እናቴ። ቀለም ላይ ደግሞ ምንም የለብሽም፤ እኔ ራሴ የማልለየውን ነው የለየሽው።”

እታበባ እጇን ይዛ መረቀቻት። መነጽሩን እዚያው ፎቅ ላይ ካለው መሸጫ መስኮት ገዛች። የጠብታው ብዥታ እስኪለቃት ወንበር ላይ ስትጠብቅ፣ አጠገቧ ለነበሩት የማታውቃቸው ሰዎች ሁሉ “ዓይኔ ደህና ነው” እያለች ነገረቻቸው። እነሱም ደስ አላቸው። ከዚያ ደረጃውን እንደ ልጃገረድ እየዘለለች መውረድ ጀመረች። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆመች። የደረጃውን ብረት ያዘች። ዓይኔ ደህና ከሆነ፣ አለች በልቧ፣ አበባው ወይን ጠጅ ነው። አበባው ወይን ጠጅ ከሆነ እህቴ አይታዋለች። ከኋላዋ የመጡት ሰዎች ይቅርታ እያሉ አልፈዋት ወረዱ። ሕመሟን ሐኪሟ ነጠቀቻትና ባዶ እጇን አቆመቻት፤ ያን ሰዓት ቢመለስላት ሕመሙን በመረጠች ነበር።

በቀጥታ ወደ አበባ ነጋዴው መደብር ሄደች። ሁለት ዓመት ሙሉ ረግጣው አታውቅም። ገና ከበሩ፣ ከጠረጴዛው በላይ ካለው ሽቦ ላይ ቀይ ድቡልቡሌ ረድፍ ሠርቶ ተንጠልጥሏል። የራሷ ቀይ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት በየማለዳው ያየችውን ቀለም አትስተውም። መነጽሯን አደረገችና አንዱን እስር አወረደችው። በብስክሌት ላስቲክ ታስሯል፤ ሁለት ዙር፣ ጫፉ ከሥር ተወሽቋል። የዞረው ወደ ግራ ነው።

ነጋዴው አይቷት ከወንበሩ ተነሳ፣ እንደገናም ተቀመጠ። ከከተማ ወጣ ብሎ የራሱ መሬት እንዳለው፣ ዘንድሮ መትከል እንደ ጀመረ፣ ሥራውን የምትመራለት እህቷ እንደሆነች ዓይኑን ወረቀት ላይ ተክሎ አወራት። እህትሽ እጇ ወርቅ ነው አላት። ዘሩ ከየት እንደመጣ አልተናገረም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ያስተማርኳት እኔ ነኝ ብቻ አለችና እስሩን ከነበረበት መልሳ ሰቅላ ወጣች። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ እታበባ ይህን ተረት ለሰው ስትተርት ኖራለች፣ ምን ማለት እንደሆነ የገባት ግን በዚያ መንገድ ላይ ነው።

ቅዳሜ አናጢውን ጠርታ የኋላ ክፍሉን መስኮት ሳንቃ አስነቀለችው። “ቀለሙን አይበላውም?” አላት መዶሻውን ይዞ። ይብላው አለችው። አናጢው ነገር እንዳለ ገብቶት ሌላ አልጠየቀም፤ ምስማሮቹን ለቅሞ ኪሱ ከተተና ሄደ።

እሁድ ረፋዱ ላይ ታናሿ እንደ ወትሮዋ ሙዝ ይዛ መጣች። በር ላይ ሳመቻት። እታበባ ጉንጯን ሰጠች እንጂ መልሳ አልሳመቻትም። ነይ አንድ ነገር ላሳይሽ ብላ ወደ ኋላ ወሰደቻት። ብርድ ልብሱ ከበሩ ላይ ወርዷል፣ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ፀሐይ ከጣሪያ በተሰቀለው አበባ ሁሉ ላይ አርፋለች፤ በግራም በቀኝም ወይን ጠጅ ነው።

“እታበባ፣ ብርሃኑ እኮ ያበላሸዋል” አለች ታናሿ። ልትዘጋው ወደ መስኮቱ ሮጠች።

“ተይው። ይህ ምን ቀለም ነው?”

ታናሿ መስኮቱን ሳትዘጋ ወደ እሷ ዞረች።

“ሐኪም አይታኛለች። ዓይኔ ምንም የለበትም። መደብሩም ሄጄ ነበር። አሁን አንቺ ንገሪኝ፤ ምን ቀለም ነው?”

“ወይን ጠጅ ነው” አለች ታናሿ።

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት፤ አንዴ ከጀመረች ማቆም አልቻለችም። ነጋዴው የመሬቱ ሥራ ኃላፊ አደርግሻለሁ ብሏት ነበር። ቀዩን ግን ሌላ ሰው እጅ ካለ አልፈልገውም፣ የእኔ ብቻ መሆን አለበት አላት። እታበባ ሻይ ልትጥድ በተነሳችበት ጊዜ ቀዩን ዘር ወደ ቦርሳዋ፣ ይዛው የመጣችውን ወይን ጠጅ ወደ ቆርቆሮው ገለበጠች። ዕድሜዋን ሙሉ የእታበባ እህት እየተባለች እንደኖረች፣ የምታውቀው ሥራ ሁሉ የእታበባ እንደሆነ፣ አንድ ጊዜ የራሴ የምለው ነገር ይኑረኝ ብላ እንደሆነ እያለቀሰች ተናገረች። ቀዩን ሹራብም አነሳች።

“እሱን እስካሁን ይዘሽው ኖረሽ?” አለች እታበባ፣ ገርሟት።

“አልያዝኩትም። አሁን ነው ትዝ ያለኝ።”

“ዘሩን ወሰድሽ፤ ይሁን። ከራስ በላይ ነፋስ ነው። ጠይቀሽኝ ቢሆን እሰጥሽ ነበር ልልሽ ፈልጌ ነበር፣ ግን እውነቱን አላውቀውም፤ ላልሰጥሽም እችል ነበር። ዓይኔን ግን ለምን? እማዬን ለምን አነሳሽብኝ?”

ታናሿ በመዳፏ ፊቷን ጠረገች። “ለዚያች ቀን ብቻ ላልፍበት ብዬ ነው ያልኩት። በማግስቱ ደርሰሽበት ትጮሂብኛለሽ፣ እናገራለሁ ብዬ ነበር የጠበቅኩት። በሳምንቱ ስመጣ ስኳሩ ላይ ክር አስረሽ አገኘሁ። እንዲህ ታምኚኛለሽ ብዬ አላሰብኩም እታበባ።”

ከሰማችው ሁሉ አንጀቷን የቆረጠው ይህ ነው። ዘር ይገኛል፣ ነጋዴም ይገኛል። ክሯን አይታ፣ ለምን እንደታሰረ ገብቷት፣ ሻይ ውስጥ ስኳር ጨምራ አማስላ የጠጣችው ይህችው ያሳደገቻት ልጅ ናት። እታበባ ልትቆጣ ፈለገች፣ ቁጣው ግን አልመጣላትም። ሂጂልኝ አለቻት፣ ቀስ ብላ። ታናሿ ወጣች። በሩን ስታልፍ እጇ በልማድ ብርድ ልብሱን ከኋላዋ ልትመልስ ተዘረጋ፤ ብርድ ልብሱ አልነበረም፣ እጇ ባዶ አየር ጨብጦ ተመለሰ።

ከወር በኋላ ታናሿ በአናጢው እጅ አንድ ፖስታ ላከችላት፤ ውስጡ ዘር አለ፣ ቀዩ ነው፣ ይቅር በይኝ ብላለች አላት። እታበባ ፖስታውን ሳትከፍት መለሰችው። ቀይ ይሁን ወይን ጠጅ ሲያብብ ነው የሚታወቀው፤ ከእሷ የመጣ ነገር እስኪያብብ የምጠብቅበት ልብ የለኝም በላት አለችው። አናጢውም ሁለት ጊዜ ተመላልሶ አማልዶ ሲያቅተው ተወው።

ሙቀቱ ሲመለስ ካርቶኑን ከቁምሳጥን ላይ አወረደች። የእናቷን ጉንጉን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የአበቦቹን ራስ አንድ በአንድ ፈታች፣ በመነጽር እያየች ዘር ለቀመች። የአራት ዓመት ዘር ነው፤ ብዙው ሞቷል። ነከረችው፣ ዘራችው፣ ከመቶ ምናምኑ ሦስት ብቻ በቀለ። ሦስቱንም እንደ ሕፃን ጠበቀቻቸው። ስንዝር ሲሞሉ ግን ሳትራራ ቀነጠሰቻቸው።

የመጀመሪያው እምቡጥ ፈነዳ። እታበባ መነጽሯን አድርጋ አየችው፣ አውልቃም አየችው። ቀይ ነው። ዓይኗ ደህና እንደሆነ ሐኪሟ መስክራላታለች፤ የቆመችው በጠራራ ፀሐይ ነው። ቢሆንም ልቧ አላርፍ አላት። “አንቺ…” ብላ ወደ ቤት ዞራ ልትጣራ አፏን ከፈተች፣ ማንን እንደምትጠራ ትዝ ሲላት ተወችው። ከዚያ ወደ አጥሩ ሄደች።

“ጌታው፣ እስቲ ያቺ ምን ቀለም ናት?”

አናጢው አንገቱን አስግጎ አየ። ቀይ ናት አላት። እታበባ አመሰገነችው። እናቷ ሁልጊዜ ሁለተኛ ሰው ትጠራ ነበር፤ እሷ ግን ሁለተኛ የላትም። አበባዋን ቆረጠችና፣ ከሦስቱ ተክል መጀመሪያ ያበበችውን አንዷን ቆረጠችና፣ የግቢውን በር ከፍታ ወጣች። መንገዱ ላይ የማታውቃት ሴት ዘንቢል ይዛ ትመጣለች። እታበባ እስክትደርስ ጠበቀቻት።

“ይቅርታ እህቴ” አለቻት፣ “እስቲ ይቺን እይልኝ።”